ትልቁ ልጅ ለምን ይበልጣል? ትልቁ ልጅ ለምንስ ይወድቃል?

1ኛ ክፍል ውስጥ "እኩዮች ናቸው" ተብለው ከተቀመጡት ልጆች መሀል ትልቁና ትንሹ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው የዕድሜ ልዩነት አላቸው። ይሄ እንግዲህ ሁሉም በሰዓቱ ተመዝግቦ፣ ማንም ሳይደግም፣ ነገሩ ሁሉ በደንቡ መሰረት ከሄደ ነው። በብዙ አገር ደግሞ እንደዛ አይሄድም፣ የ7 ዓመትና የ11 ዓመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ፊደል ሲያነቡ ታገኛላችሁ። ታድያ ይሄ የዕድሜ ልዩነት ውጤት ላይ ምን ያመጣል?

መልሱን ፍለጋ ስትገቡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ነገር ግራ ያጋባል። አንደኛው ወገን ሪሰርች በልደት ወር እየለየ ያያል፣ ከክላሱ ትልልቆቹ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ ይላል፣ ያውም በየአገሩ። ሌላው ወገን ደግሞ ተራውን የትምህርት ቤት ዳታ ከፍቶ ዕድሜና ውጤትን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ከክላሱ በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው ወደኋላ የሚቀሩት፣ የሚደግሙትም የሚያቋርጡትም እነሱ ናቸው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ የሆኑበት ምክንያት ነው የጉዳዩ እምብርት፣ ምክንያቱም ወላጅም ቲቸርም የትምህርት ቢሮም ዕድሜን ሲያዩ እንደ አንድ ነገር ነው የሚያዩት፣ ግን አንድ ልጅ ከክላሱ የሚበልጠው በምን ምክንያት ነው የሚለው ካልተጠየቀ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ከልደት ወሩ ልጀምር፣ ንፁሁ ማስረጃ እሱ ጋ ስላለ።

ማንኛውም የትምህርት ሥርዓት አንድ የመቁረጫ ቀን አለው። እዚህ ቀን ድረስ ይሄን ያህል ዓመት የሞላው ዘንድሮ ይገባል፣ ከዛ በኋላ የሞላው በሚቀጥለው ዓመት። እንግሊዝ ውስጥ መስመሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው (በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 31)፣ ጃፓን ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ ኖርዌይ ደግሞ በፈረንጆች የዘመን መለወጫ ላይ (ጃንዋሪ 1)። መስመሩ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የተወለደና መስመሩ ባለፈ ማግስት የተወለደ ልጅ በዕድሜ የሁለት ቀን ልዩነት ነው ያላቸው፣ ግን አንዱ የዘንድሮ ክላስ ትንሹ ሲሆን ሌላው የሚቀጥለው ዓመት ክላስ ትልቁ ይሆናል። የወላጅ ሀብትም ይሁን የልጁ ጭንቅላት በነዛ ሁለት ቀናት መሀል የሚለይበት ምክንያት የለም፣ ስለዚ ለተመራማሪ ሎተሪ እንደማለት ነው፣ ማን ትልቅ ማን ትንሽ ይሁን የሚለውን ዕጣ ነው የወሰነው።

በዚ መንገድ ከተሠሩት ሥራዎች ብዙ የሚጠቀሰው የኬሊ ቤዳርድና የኤልዛቤት ዱዌይ የ2006 ጥናት ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቲምስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብና የሳይንስ ፈተና ዳታ ወስደው የበርካታ ያደጉ አገራትን ልጆች አወዳደሩ፣ 4ኛ ክፍል ላይ ከክላሱ ትንሾቹ ከትልልቆቹ በፐርሰንታይል ደረጃ ከ4 እስከ 12 ዝቅ ብለው ተገኙ፣ 8ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ከ2 እስከ 9። ማለትም ከ100 ልጅ መሀል መካከል ላይ፣ ከታች ሲቆጠር 50ኛ ሊቀመጥ የሚችል ልጅ 11 ወር ገደማ ዘግይቶ በመወለዱ ብቻ ከ38ኛ እስከ 46ኛ ባለው ውስጥ ይወርዳል። ልዩነቱ ሰፊ አይመስል ይሆናል፣ ግን ይሄ ልጁ አንድም ነገር ሳያጠፋ ነው እኮ።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ "ወሩ ይሆናላ፣ ክረምት የተወለደና በጋ የተወለደ አንድ አይሆንም" ይላል። እንደዛ ቢሆን ኖሮ ደካማው ወር በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። አይደለም። እንግሊዝ ላይ የሚጎዱት የኦገስት ልጆች ናቸው፣ ጃፓን ላይ የማርች፣ የመቁረጫ ቀኑ ዘመን መለወጫ ላይ በሆነበት አገር ደግሞ የዲሴምበር። መስመሩ ሲዛወር ጉዳቱም አብሮ ይዛወራል። ኮከብ ቆጠራ የሚወዱትን ቅር ቢላቸውም ነገሩ የሰማይ ሳይሆን የሬጅስትራር ቢሮ ነው።

ግን አንድ ዓመት ምን ያህል ነገር ነው? ለ40 ዓመት ሰው ምንም ማለት አይደለም፣ የ6 ዓመት ልጅ ግን ከኖረው ዕድሜ አንድ ስድስተኛው ነው፣ ያውም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መራመድና መናገር በመልመድ ያለቁ መሆናቸው ሳይቆጠር። በነዚ 11 ወራት ውስጥ ልጅ እርሳስ አያያዙ ይስተካከላል፣ የሚያውቀው ቃል በብዛት ይጨምራል፣ ቁጭ ብሎ የሚቆይበት ሰዓት ይረዝማል፣ "መጀመሪያ ደብተራችሁን አውጡ፣ ከዛ ቀን ጻፉ፣ ከዛ ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጡ" የሚል ሦስት ትዕዛዝ በአንዴ ይዞ መቆየት ይጀምራል። ትንሹ ልጅ ቀን ጻፉ ላይ ጠፍቶበታል። ቲቸሯ ደግሞ 50 ልጅ ይዛለች፣ ያልገባው ነው ብላ ታልፋለች። 18 ዓመት ላይ ሲደርሱ ያው አንድ ዓመት ከዕድሜያቸው አንድ አስራ ስምንተኛው ብቻ ይሆናል፣ ለዛ ነው ልዩነቱ እያደር የሚጠበው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል ምክንያቱም "ዕድሜ" ስንል አራት የተለያዩ ነገሮች ተጠላልፈው ነው ያሉት። ልጁ ፈተናው ላይ ሲቀመጥ ስንት ዓመቱ ነው የሚለው አንድ ነው። ትምህርት ሲጀምር ስንት ዓመቱ ነበር የሚለው ሌላ ነው። ከክላስሜቶቹ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው ትንሽ የሚለው ሦስተኛ። አራተኛው ደግሞ እስከ ፈተናው ድረስ ስንት ጊዜ ተማረ የሚለው ነው። አንድ ክላስ ውስጥ አንድ ቀን አንድ ፈተና ከሰጣችሁ አብዛኞቹ ተጣብቀው ነው የሚመጡት፣ ዘግይቶ የጀመረው ልጅ ፈተናው ቀን ላይም ትልቅ ነው ከክላሱም ትልቅ ነው፣ የትኛው እንደጠቀመው በዓይን መለየት አይቻልም።

ለመለየት የተሻለ ዕድል የሰጠችው ኖርዌይ ናት። ሳንድራ ብላክ፣ ፖል ዴቨሩና ሼል ሳልቫነስ የኖርዌይ ወንዶች ለውትድርና ሲመዘገቡ 18 ዓመት አካባቢ የሚወስዱትን የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተጠቀሙ፣ እዚህ ፈተና ላይ ልጆቹ የሚቀመጡት በክፍል ሳይሆን በዕድሜ ስለሆነ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረና ቶሎ የጀመረ ልጅ በተመሳሳይ ዕድሜ ሊወዳደሩ ይችላሉ። ያገኙት ምንድነው፣ ፈተናው ቀን ላይ ያለው ዕድሜ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ትምህርት የተጀመረበት ዕድሜ ግን ያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው፣ እንደውም ዘግይቶ መጀመር ትንሽ ወደ ታች ነው የሚጎትተው። እንግሊዝ ውስጥ ክሌር ክሮፎርድ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በሠራችው ሥራም ያው ነው የወጣው፣ የኦገስት ልጆች ዝቅ የሚሉበት ዋናው ምክንያት ፈተናውን በትንሽ ዕድሜ መውሰዳቸው ነው። በሌላ አነጋገር ትልቁ ልጅ የተሻለ አልተማረም ማለት ነው፣ ገና ከቤቱ ሲመጣ ነው ብዙ ይዞ የመጣው። አሜሪካ ላይ ቶድ ኤልደርና ዳረን ሉቦትስኪ በ2009 ይሄንኑ በሌላ በኩል አሳይተዋል፣ ልዩነቱ በጣም ሰፊ የሚሆነው ገና ሲጀመር ነው፣ ደግሞ በደህና ቤተሰብ ልጆች መሀል ነው የሚሰፋው ምክንያቱም እነሱ ቤት የሚቆዩበት ተጨማሪ ዓመት በመጽሐፍና በጨዋታ የተሞላ ነው። ምንም በሌለበት ቤት ተጨማሪ አንድ ዓመት መቀመጥ ያን ያህል አይጨምርም።

እስካሁን ያልኩት ነገር ሲደመር "እሺ፣ ያድጋሉ፣ ይጠፋል" የሚያስብል ነው። እውነትም ማንም ካልነካካው ብዙው ይጠፋ ነበር። ችግሩ ትምህርት ቤት ነገሩ እስኪጠፋ አይጠብቅም፣ ልዩነቱ ገና ትኩስ እያለ ፍርድ ይሰጥበታል።

ጀርመንን ብታዩ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ልጆች ከ4ኛ ክፍል በኋላ ነው ወደተለያየ የትምህርት ቤት ዓይነት የሚከፋፈሉት፣ ጂምናዚየም የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው ነው። 10 ዓመት ገደማ ላይ ማለት ነው። አንድሪያ ሙሌንቬግና ፓትሪክ ፑሃኒ የሄሰንን ግዛት ዳታ ሲያዩ ከክላሱ ትንሾቹ የሆኑት ጂምናዚየም የመግባት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ነው፣ በኋላ የሚታረምበት በር ቢኖርም። እንደዛ ዓይነት መደበኛ ክፍፍል በሌለበት አገርም ቢሆን ክላስ ውስጥ ጎበዞችና ሰነፎች ተብሎ በየረድፉ ማስቀመጥ አለ፣ ማን ሰሌዳ ላይ ይውጣ አለ፣ ማን ሞኒተር ይሁን አለ። ሞኒተሩ ማን እንደሚሆን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ረዘም ያለው ነው።

ከፍርዶቹ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደነግጠኝ ግን የሕክምናው ነው። በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መቁረጫ ቀናቸው ሴፕቴምበር 1 የሆነባቸውን ስቴቶች ወስዶ ኦገስት የተወለዱትንና ሴፕቴምበር የተወለዱትን አወዳደረ። ኤዲኤችዲ የሚባለው ያለመረጋጋትና ትኩረት ማጣት ችግር አለባቸው የተባሉት ከሴፕቴምበር ልጆች ከ10,000 ውስጥ 63.6 ሲሆኑ ከኦገስት ልጆች 85.1 ነበሩ፣ በሦስተኛ እጅ ይበልጣል። ያ መቁረጫ ቀን በሌለባቸው ስቴቶች ኦገስትና ሴፕቴምበር መሀል እንደዚ ዓይነት ልዩነት የለም። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላይም በ2012 የወጣው ተመሳሳይ ነው፣ ከጃንዋሪ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የዲሴምበር ወንዶች በ30 በመቶ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ70 በመቶ በበለጠ ይሄ ስም ይለጠፍባቸዋል። ልጁ እኮ የ6 ዓመት ልጅ የሚሆነውን ነው የሆነው፣ ጥፋቱ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ 7 ሊሞላው መሆኑ ብቻ ነው፣ እና ለዚ መድኃኒት የሚውጥ ልጅ አለ። ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ግን መለኪያው "ከክላሱ ጋር ሲታይ" ከሆነ መለኪያው ራሱ የልደት ወርን ነው የሚለካው።

ደረጃም ቢሆን ቀልድ አይደለም። ሪቻርድ መርፊና ፌሊክስ ዋይንሃርት የእንግሊዝን ተማሪዎች ዳታ ሲያዩ ፕራይመሪ ላይ እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ልጆች አንዱ በክላሱ ከፊት፣ ሌላው ጎበዝ በበዛበት ክላስ መሀል ላይ ቢሆን፣ ሰከንደሪ ሲገቡ ከፊት የነበረው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ከማን ጋር ተወዳድሬ የት ነኝ የሚለው ልጅ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። በ7 ዓመቱ "እኔ ሂሳብ አይሆንልኝም" ያለ ልጅ በ12 ዓመቱ ወራቱ ቢያልቁም ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም።

አሁን ብዙ ወላጅ የሚደርስበት መደምደሚያ "እንግዲያው ልጄን አንድ ዓመት አቆይቼ ላስገባ፣ ትልቁ ይሁን" የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው፣ በተለይ ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች ወንድ ልጃቸውን። ለዚ ሐሳብ ድጋፍ የሚሰጥ ማስረጃ አለ፣ ቶማስ ዲና ሃንስ ሄንሪክ ሲቨርትሰን ዴንማርክ ላይ ባዩት አንድ ዓመት ዘግይቶ መጀመር 7 ዓመት ላይ ያለመረጋጋትና የትኩረት ማጣት ምልክቶችን በደንብ ቀንሷል፣ 11 ዓመት ላይም አልጠፋም። ስለዚ ለአእምሮ ጤናው ነው ከተባለ የሚናቅ አይደለም። ግን ዴንማርክ ላይ ያ የሚቆዩበት ዓመት ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚያልፍ ዓመት ነው፣ ይሄን የሚረሳው ብዙ ነው። ውጤቱን አይታችሁ የምትወስኑ ከሆነ ደግሞ የኖርዌዩን አስታውሱ።

በዛ ላይ "ትልቅ ሆኖ መገኘት" ራሱ የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ኤልዛቤት ካስዮና ዳያን ሻንዘንባህ በ1980ዎቹ አሜሪካ ቴነሲ ላይ ልጆችን በዕጣ ወደየክላሱ የመደበውን ስታር የሚባል ፕሮጀክት ዳታ ተጠቅመው ያዩት ይሄ ነው፦ የራሱ ዕድሜ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ትልልቅ ክላስሜቶች ያሉት ልጅ ነው በአማካይ የተሻለ ውጤት ያመጣው፣ ከ8 ዓመት በኋላ ጭምር። የልጅ ዕድገት ከትልልቆች ጋር ሲውል ነው የሚፈጥነው ማለት ነው፣ ቋንቋውን ይሰማል፣ አሠራሩን ያያል፣ ክላሱም ጸጥ ይላል። ኖርዌይ ላይ ኤድዊን ሉቨንና ማርተ ሮኒንግ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚማርባቸውን ትምህርት ቤቶች ሲያዩ ያው መጣ፣ ከበላዩ ካሉት ጋር የተቀላቀለው ተጠቀመ፣ ከበታቹ ካሉት ጋር የተቀላቀለው ተጎዳ። እንግዲህ ልጃችሁን ከክላሱ ትልቁ ካደረጋችሁት የጠቀማችሁት የጎረቤትን ልጅ ሊሆን ይችላል። ሳቅ ያሰኛል ግን ዳታው የሚለው እሱን ነው።

ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ጥሩ አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው ኤልደርና ሉቦትስኪ እንዳዩት ክላስሜቶቹ ትልልቅ የሆኑበት ልጅ ነጥቡ ከፍ ቢልም የመድገም ዕድሉ ደግሞ ይጨምራል። ለምን መሰላችሁ፣ ቲቸር የምትፈርደው በማወዳደር ስለሆነ። ልጁ ከራሱ አንጻር እያደገ ከክላሱ አንጻር ወደኋላ የቀረ ይመስላል። ተማረም ወደቀም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልምጣ፣ ትልቁ ልጅ የሚወድቅበት።

ዩኔስኮ ለክፍሉ ከሚገባው ዕድሜ በ2 ዓመትና ከዛ በላይ የሚበልጥን ተማሪ ከዕድሜ በላይ ብሎ ነው የሚመዘግበው። እነዚ ልጆች በዕጣ አይደለም ትልቅ የሆኑት። አንዱ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበረ እግሩ እስኪጠና ቤት ቆየ። አንዷ ታናናሾቿን ስትይዝ ዘገየች። አንዱ ታሞ ነበር። ሌላው በጦርነት ተፈናቅሎ ሁለት ዓመት የትም አልተማረም። ብዙዎቹ ደግሞ በጊዜው ገብተው ነበር፣ ደግመው ደግመው ነው እዚህ የደረሱት። ወደ ዳታው ሲገቡ ሁሉም "የ12 ዓመት ልጅ፣ 3ኛ ክፍል" ነው የሚባሉት፣ በአንድ ቁጥር ተጠቃለው። ቁጥሩ ከውጤት ጋር ሲነጻጸር ታድያ ዕድሜ ሲጨምር ውጤት ይቀንሳል የሚል መስመር ይወጣል፣ መስመሩ ግን ስለ ዕድሜ ሳይሆን ስለ ድህነት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ጦርነትና ስለ መድገም ነው የሚያወራው። የደገመ ልጅ ቀድሞውንም ከብዶት ነበር የደገመው፣ ስለዚ "ትልልቆቹ ሰነፎች ናቸው" ማለት "ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ይታመማሉ፣ ስለዚ አልጋው ነው" እንደማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ የማይነሳ። የልደት ምዝገባ በላላበት አገር የልጁ ዕድሜ ራሱ የተገመተ ነው። ምዝገባ ላይ ወላጅ ይገምታል፣ መዝጋቢው የሚያስገባውን ዕድሜ ይጽፋል፣ ልጁ ከረዘመ ይጨመርለታል ካጠረ ይቀነስበታል። ጥሩ ያልበላ ልጅ ደግሞ ያጥራል፣ ስለዚ የምግብ እጥረት ያለበት የ9 ዓመት ልጅ በመዝገብ 7 ሆኖ ሊገባ ይችላል። እንደዚ ዓይነት መዝገብ ላይ ቆሞ "ዕድሜና ውጤት ግንኙነታቸው ይሄን ያህል ነው" የሚል ጥናት ሳይ ጥርጣሬ ይገባኛል።

ግን ሁሉንም በምክንያቱ ብቻ መጨረስም አይቻልም፣ ትልቅ መሆኑ በራሱ የሚያመጣው ጫና አለ። የ13 ዓመት ልጅ በ7 ዓመት ልጆች መሀል ሲቀመጥ መጽሐፉ ላይ ያለው ታሪክ ስለ አይጥና ድመት ነው፣ ወንበሩ አይበቃውም፣ ተሳስቶ ካነበበ ታናናሾቹ ይስቁበታል፣ ስለዚ እጁን አያወጣም። ቤት ደግሞ ጉልበቱ ይፈለጋል፣ የ7 ዓመት ልጅ ቢቀር ምንም አይገኝም የ13ቱ ቢቀር ግን ገቢ አለው። ለሴቶቹ ደግሞ የወር አበባ ፕራይመሪ ላይ እያሉ ይመጣል፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ከሌለው ወር በወር ቀናት ይቆረጣሉ። በዚ ሁሉ መሀል ልጁ ዕድሜው ስለሰጠው ቶሎ የመማር አቅም ማንም አያወራም። ሳይማሩ የቆዩ ትልልቅ ልጆችን ለብቻ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍል ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ዓመት ገደማ የሚያስጨርስ የተፋጠነ ፕሮግራም በተለያዩ አገራት ተሞክሯል፣ ይሄ ሊሆን የቻለው የ10 ዓመት ልጅ ፊደል ለመያዝ የ6 ዓመት ልጅ የሚወስድበትን ያህል ጊዜ ስለማይፈልግ ነው። ያው ልጅ 1ኛ ክፍል ከትንንሾች ጋር ሲቀመጥ "ከዕድሜ በላይ፣ ለማቋረጥ የተጋለጠ" ይባላል።

(ኬንያ በ2003 ፕራይመሪን ነጻ ስታደርግ በዓመቱ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ አባት በ84 ዓመታቸው 1ኛ ክፍል ተመዝግበው በክብረ ወሰንነት ተመዝግቦላቸዋል። ዓለም አጨበጨበ። ያኔ የጎረፉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የ12ና የ14 ዓመት ልጆች ግን ያን ያህል ጭብጨባ አልነበራቸውም፣ ክላስ አጣበቡ ነው የተባሉት።)

ታድያ ምን ይደረግ ሲባል ሰው ቶሎ የሚዘለው ወደ መቁረጫ ቀኑ ነው። ወደፊት እናድርገው፣ ወደኋላ እናድርገው። የትም ብታደርጉት ክላሱ ውስጥ ትንሹ ልጅ መኖሩ አይቀርም፣ ማንነቱ ብቻ ነው የሚቀየረው። የሚችለው ወላጅ ሁሉ ልጁን አንድ ዓመት ቢያቆይም ያው ነው፣ የቆዩት እኩል ይዘገያሉ፣ ወላጁ ማቆየት የማይችለው ልጅ ግን አሁን በ12 ወር ሳይሆን በ20 ወር በሚበልጠው ልጅ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ በዚ ነገር ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፣ የማይከፈት በር ላይ ነው የምንታገለው።

የሚሠራው ፍርዱን መንካት ነው። ፈተና ላይ በዕድሜ ማስተካከል ይቻላል፣ እንግሊዝ ውስጥ በ11 ዓመት ገደማ ለሚወሰደው፣ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ነጥቡ በአብዛኛው በልደት ወር ተስተካክሎ ነው የሚሰጠው፣ የኦገስት ልጅ ከሴፕቴምበር ልጅ ጋር በጥሬ ነጥብ አይወዳደርም። ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ ሰንጠረዥ ነው። ምርጫና ክፍፍልን ወደ ላይኛው ክፍል ማዘግየትም እንደዛው፣ ወራቱ እስኪሟሙ።

ለሰፊው የዕድሜ ልዩነት ደግሞ ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት የሠራበት መንገድ አለ። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ክፍላቸውንም ዕድሜያቸውንም ትተው ማንበብ በሚችሉበት ልክ ይመድቧቸዋል፣ ፊደል የሚለዩ እዚ፣ ቃል የሚያነቡ እዛ፣ አንቀጽ የሚያነቡ እዛ ጋ፣ ልጁ ሲሻሻል ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። በተደጋጋሚ ተፈትሾ የማንበብ ችሎታን ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል፣ በተለይ ትኩረት ተሰጥቶ ሰዓቱ በትክክል ሲከበር። ከመድገም የሚለየው ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከእኩዮቹ ተነጥሎ የማይቀመጥ መሆኑ ነው፣ ቡድኑ ላይ ደካማ ነው፣ ከዛ ሰዓት በኋላ ግን የ5ኛ ክፍል ልጅ ነው።

ዕድሜን ሆን ብሎ መቀላቀልም አዲስ አይደለም፣ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ላይ ከጀመረችው ጊዜ አንስቶ የእሷ ክላሶች በዕድሜ እስከ ሦስት ዓመት የሚለያዩ ልጆችን አንድ ላይ ነው የሚይዙት፣ ዘንድሮ ትንሹ የሆነው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቁ ይሆናል። ግን ሆን ብሎ መቀላቀልና በመምህር እጥረት መቀላቀል አንድ አይደሉም። ሲሞን ቬንማን በ1995 በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ የተቀላቀሉት ክላሶች በአማካይ ከተለመዱት አልተሻሉም አልባሱምም ነበር።

ከዚ ሁሉ በፊት ግን ምንም ብር የማይጠይቅ ነገር አለ። ቲቸሯ ጋ ያለው የስም ዝርዝር በፊደል ተራ ነው የተደረደረው። የልደት ወርና ዓመት፣ ከዛ ደግሞ ስንተኛ ጊዜ እየተማረ እንደሆነና ዘግይቶ የገባ ከሆነ ለምን እንደዘገየ የሚል ሁለት ዓምድ ይጨመርበት፣ ከዛ አንዴ በዕድሜ ተራ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርደር። "አይረጋጋም" ተብለው ወላጅ አምጡ የተባሉትን፣ ዘንድሮ ይድገሙ የተባሉትን፣ ሰነፎች ረድፍ የተቀመጡትን ስሞች በእስክሪብቶ ታክብባቸው። የተከበቡት ከዝርዝሩ ግርጌ ከተከማቹ የወላጆቹ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት የሚነገር ሌላ ወሬ አለ፣ ከላይ ከተከማቹ ደግሞ ሁለተኛውን ዓምድ ማንበብ ነው።